ማስፋትና መሸከም፤ ጠመንጃ ለትልቅ ጥይት ሲለወጥ



አንድ የቆየ ባለመቀርቀሪያ ጠመንጃ ከተሠራለት የሚበልጥ ጥይት እንዲተኩስ ሲታሰብ፣ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «ጥይቱ ይገባለታል ወይ?» የሚል ነው። በመሐንዲስ ዓይን ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም «ግፊቱን የሚሸከመው የትኛው ብረት ነው?» የሚለው ነው።

ለ7.92 ሚሊሜትር የማውዘር ጥይት የተወሰነው ከፍተኛ ግፊት 3,900 ባር ነው። ይህ ግፊት በቀለሁ ግርጌ 1 ካሬ ሴንቲሜትር በሚያህል ስፋት ላይ ቢያርፍ፣ መቀርቀሪያው ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ወደ 4 ቶን ይጠጋል። ይህን በዋናነት የሚያግዱት በመቀርቀሪያው ጫፍ ያሉት ሁለት ጥርሶችና ጥርሶቹ የሚደገፉበት ብረት ናቸው። ቀለሁ ሲወፍር፣ ግፊቱ ባይለወጥ እንኳ የሚያርፍበት ስፋት ስለሚጨምር ሸክሙ አብሮ ያድጋል።

በአገራችን «ምንሽር» የሚባለው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከማንሊከር ነው። ኦስትሪያና ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የ1895ቱን ማንሊከር ባለ 50 ሚሊሜትር ቀለህ ከሆነው ጥይት ባለ 56 ሚሊሜትር ቀለህ ወደሆነው ለውጠውታል። ቀለሁ ቢረዝምም የግርጌው ስፋትና የጥይቱ ሙሉ ርዝመት እምብዛም አልተለወጡም። ስለዚህ የጥይት ቤቱን ማጥለቅ ሲያስፈልግ፣ መቀርቀሪያው ግን እንዳለ ሊያገለግል ቻለ። በተለወጠው ጠመንጃ ላይም በኦስትሪያ «ኤስ»፣ በሃንጋሪ «ኤች» የተባለው የላቲን ፊደል ተመታበት። ምልክቱ ለጌጥ አልነበረም። ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የማይዛመደውን ጥይት እንዳይጎርስ የሚያስጠነቅቅ የሥራ ማስረጃ ነበር።

የማውዘር 98 ነገር ከዚህ ይለያል። ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው ባለ 0.375 ኢንች የአደን ጥይት ሙሉ ርዝመቱ 91 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የማውዘሩ ጥይት 82 ሚሊሜትር ነው። በመደበኛው ማውዘር ውስጥ ለዚህ ጥይት ቦታ ለማግኘት ከካርታው ፊት ለፊት ያለው ብረት ይቆረጣል። የሚቆረጠው ግን የታችኛው ጥርስ የሚደገፍበት ብረት ነው። እንዲህ ሲሆን ሸክሙ በሚጨምርበት ሰዓት ተሸካሚው ይቀንሳል። ጉዳቱም በመጀመሪያው ተኩስ ላይታይ፣ ውሎ አድሮ በተኳሹ ዓይንና እጅ ላይ ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛው ምሳሌ አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ የሚገኘው አደባባያችን ስሙን ከወሰደባት አገር የመጣ ነው። ሜክሲኮ ጣሊያን ኢትዮጵያን በኃይል መያዟን ካላጸደቁት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። የሜክሲኮ ሠራዊት የቀድሞ ማውዘር 78 ሚሊሜትር ርዝመት ላለው የ7 ሚሊሜትር ጥይት የተሠራ ነበር። 85 ሚሊሜትር ገደማ የሚረዝመው የአሜሪካው 0.30 ኢንች ጥይት ሲፈለግ፣ አገሪቱ ለዚሁ ጥይት የተሠራ የ1954 ናሙና ማውዘር አወጣች። ያ ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሜክሲኮን የጎበኙበት ነው።

ከሦስቱ ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት ለጠመንጃ ብቻ አይደለም። በቆየ ሕንፃ ላይ ፎቅ ሲጨመር፣ በአሮጌ ድልድይ ላይ ከባድ ተሽከርካሪ ሲፈቀድ ጥያቄው ያው ነው። መሐንዲስ ከመቁረጡ በፊት ሸክሙ የሚያልፍበትን መንገድ ይከተል፤ ከለወጠም በኋላ የለወጠውን በግልጽ ምልክት ያስቀምጥ። የማይሸከመውን ደግሞ «አይሆንም» ብሎ ይመልስ፤ ይህም መልስ የሙያው አካል ነውና።