«ዳያቤቲስ» የሚለው ስም ምንጭና ትርጉም



አንድ ደዌ ስሙን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ መንሥኤው ከመታወቁ በፊት ነው። ስም አውጪው ዐይኑ ያየውን ወይም ምላሱ የቀመሰውን ይዞ ይሰይማል፤ ዕውቀት ኋላ ሲደርስ ስሙ ሥር ሰዶ ይቆየዋል። ለዚህ ከዳያቤቲስ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ቃሉ የግሪክ ነው። መሠረቱ «ማለፍ» የሚለው ግሥ ሲሆን፣ ግሪኮች ፈሳሽ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው የሚያሳልፈውን ቱቦ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። ከበርሜል ጋዝ በጎማ ስቦ የሚያወርድ ሰው ያየ ሁሉ ነገሩን ይረዳዋል፤ አንዴ መውረድ ከጀመረ ራሱን በራሱ እየሳበ ይፈሳል። የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ ስለዚህ ደዌ ሲጽፍ፣ ሥጋ ቀልጦ በሽንት እንደሚወጣ፣ የበሽተኛው ጥም እንደማይቆረጥ፣ ዕድሜውም አጭር እንደሆነ አትቷል። የተጠጣው ውሃ በሰውነት ውስጥ ሳያድር ያልፋልና ስሙ ተስማሚ ነበር። ስለ ጣፋጭነት ግን በዚህ ስም ውስጥ አንዳችም ነገር የለም።

ጣፋጭነቱን አስቀድመው የመዘገቡት የጥንት የሕንድ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ ደዌውን በሳንስክሪት «ማዱሜሃ» ማለትም የማር ሽንት ብለውታል። በአውሮፓ እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በ17ኛው መቶ ዓመት ይህንኑ ጣዕም ጻፈ፤ ያን ጊዜ የሐኪም ምላስ የላቦራቶሪ ምትክ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1776 ማቲው ዶብሰን ሽንቱን አትንኖ ስኳር መሰል ዝቃጭ ማግኘቱን ከመግለጹም በላይ፣ ከበሽተኛው ደም የሚለየው ውሃማ ክፍል ራሱ ጣፋጭ መሆኑን አሳወቀ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ስኳሩ ኩላሊት ውስጥ የተፈጠረ ሳይሆን ከደም የመጣ መሆኑን አመልክቷልና። «ሜሊተስ»፣ ማለትም ማር ያለበት፣ የሚለው የላቲን ቅጽል የታከለውም በዚያው መቶ ዓመት ነው። ሽንቱ በዝቶ ጣዕም የሌለው ሌላው ደዌ ደግሞ «ኢንሲፒደስ»፣ ጣዕመ ቢስ፣ ተባለ።

ሁለቱ የሚገናኙት በሽንት ብዛትና በጥም ብቻ ነው። ኢንሲፒደስ የሚመጣው ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞን ሲጎድል ወይም ኩላሊት ለሆርሞኑ አልታዘዝ ሲል ነው። ይሁን እንጂ የጋራ ስማቸው ሕይወት አስከፍሏል። ሆስፒታል የተኙ የኢንሲፒደስ በሽተኞች የስኳር ሕመምተኞች መስለው ስለታዩ፣ ዴስሞፕሬሲን የተባለውን መድኀኒታቸውን ሳያገኙ ለከባድ ጉዳትና ለሞት የተዳረጉ አሉ። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2022 የሆርሞን ሕክምና ማኅበራትን የሚወክል ዓለም አቀፍ የሥራ ቡድን ስሙ እንዲለወጥ፣ ደዌውም በቫሶፕሬሲን ማነስና ለቫሶፕሬሲን ባለመታዘዝ ተለይቶ እንዲጠራ ሐሳብ አቅርቧል።

ሜሊተስም ራሱ ከስም ውዝግብ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ1979 «ኢንሱሊን ጠባቂ» እና «ኢንሱሊን የማይጠብቅ» ተብሎ ተከፍሎ ነበር፤ ነገር ግን ከሁለተኛው ወገን ኢንሱሊን የሚወጉ ብዙዎች ስለነበሩ ስሙ ከሕክምናው ጋር ተጣላ። ስለዚህም በ1990ዎቹ ማብቂያ «ዐይነት 1» እና «ዐይነት 2» ተባለ። ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ ቢያንስ ግን አያሳስትም።

ወደ አማርኛው ሲመጣ፣ «የስኳር በሽታ» የሚለው መጠሪያ ቱቦውንም ማሩንም ትቶ የዶብሰንን ስኳር ይዟል። ኢንሲፒደስ በዚህ ስም ይተርጎም ቢባል «ስኳር የሌለበት የስኳር በሽታ» ሊሆን ነው። ስሙ ለሁሉ ግልጽ መሆኑ አይካድም፤ ግልጽነቱ ግን ዋጋ አለው። ሕመሙ የባለጸጋ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አጠናክሯል፤ በአንጻሩ በጎንደር የሚሠሩ ሐኪሞች በገጠር ድሆች ወጣቶች ላይ ያዩትና ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው ዐይነት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዐይነት 5» ተብሎ ታውቋል። ከሻይ ስኳር ያስቀረ ሕመምተኛም የታከመ ይመስለዋል፤ እንጀራውና ድንቹ ወደ ግሉኮስ እንደሚለወጡ ስሙ አይነግረውም። ከሁሉ የከፋው፣ ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ፣ ገና መዋጥ ሳያቅተው ቤተሰቡ ስኳር በጥብጦ ሊያጠጣው ሲገባ፣ «ስኳር ነው እኮ ያመመው» ብሎ የሚከለክል ሰው መገኘቱ ነው።