የብላዛር ብርሃንና የክረምቱ ክፍተት

(በእንጭኒ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ1929 ዓ.ም. ኩኖ ሆፍማይስተር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ብርሃኑ ከፍና ዝቅ የሚል አንድ አካል አገኘ፤ ተለዋዋጭ ኮከብ መስሎትም መዘገበው። ኮከብ አለመሆኑ የታወቀው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ዛሬ ብላዛር የሚባለው ይህን መሰል አካል የሩቅ ጋላክሲ እምብርት ነው። በእምብርቱ ካለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ የሚወረወረው የቅንጣቶች ፍሰት ወደ መሬት ያነጣጠረ ነው። የፍሰቱ ውስጣዊ አሠራር በአብዛኛው ከቴሌስኮፕ ስለሚሰወር፥ ተመራማሪው የሚመረኮዘው በብርሃኑ መዝገብና በስታቲስቲክስ ነው።

በዚህ ሥራ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያውን የእንጭኒ ነዋሪ በሚገባ ያውቀዋል፤ እርሱም የክረምት ደመና ነው። በእንጦጦ ተራራ፥ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም ከዚሁ ደመና አያመልጡም። በየዓመቱ በአንድ ወቅት የሚቋረጥ መዝገብ ስሌቱን ያሳስተዋል፤ የ1 ዓመት ዑደት ያለ ያስመስላል። ዑደቱ ግን የክረምቱ እንጂ የብላዛሩ አይደለም።

ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። የብላዛር የዛሬ ብርሃን የትናንቱን ይወርሳል። እንዲህ ያለው ሂደት በአጋጣሚ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍና ዝቅ ብሎ ዑደት ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በፌርሚ ሳተላይት የጋማ ጨረር መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት ፒጂ 1553+113 በተባለው ብላዛር 2.2 ዓመት ያህል ዑደት መታየቱን ሲያስታውቅ፥ የ7 ዓመት ገደማው መዝገብ የያዘው ሦስት ዑደት ያህል ብቻ ነበር።

ሎምብ እ.ኤ.አ. በ1976፥ ስካርግልም በ1982 ዓ.ም. በእኩል የጊዜ ርቀት ላልተወሰዱ መረጃዎች የሚያገለግል ስሌት አበጅተዋል። ይህ ስሌት ክፍተትን ይታገሣል እንጂ ፍርድን አይተካም። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ዑደት የሌለባቸውን በሺሕ የሚቆጠሩ መዝገቦች በኮምፒዩተር ያመነጫል። የብላዛሩን የመለዋወጥ ጠባይና የክረምቱን ክፍተት እንዳለ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያም ያንኑ ዑደት አስመስለው የሚያሳዩት ስንቶቹ እንደሆኑ ይቆጥራል። ብዙዎቹ ካሳዩ፥ ግኝት የተባለው የአጋጣሚ ሥራ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ለወጣቶቻችን የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው። ሰማዩ የተዘጋበት ሌሊት ምክንያቱ ተጽፎ በመዝገቡ ይቆይ፤ በግምት አይሞላ። የሌላ አገር ቴሌስኮፕ ያየው ካለም፥ መረጃው ከነምንጩ ይጨመርበት። ክፍተቱን የደበቀ መዝገብ አንባቢውን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም ያታልላል፤ ክፍተቱን የገለጠ ግን ለሚቀጥለው ተመራማሪ መነሻ ይሆናል።