ጅቡና ዶሴው

ከጎባ ወደ ሮቤ ሲጓዝ የመሸበት መንገደኛ የጅብ ድምፅ ቢሰማ ልቡ ይመታል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ጡንቻው ይገተራል። ይህም ሰውነቱ ለመሸሽ ወይም ለመታገል የሚያደርገው መሰናዶ ነው። ቤቱ ደርሶ ቡና ሲጠጣ ይረጋጋል።

ሐንስ ሴልዬ የተባለው ሊቅ በ1928 ዓ.ም. እንደ ገለጠው፣ ሰውነት ለልዩ ልዩ መከራ የሚሰጠው ምላሽ ተመሳሳይ ነው። በጠረጴዛችን ላይ የተከመረው ዶሴም ይህንኑ መሰናዶ ይቀሰቅሳል። ጅቡ ግን ያልፋል፤ ዶሴው ነገም ይቈየናል። ሳናውቀው ወደ ቤት የወሰድነው ጭንቀት እንቅልፍ ይነሣናል፤ በልጆቻችንም ላይ ቍጣ ሆኖ ይወርዳል።

ስለዚህ የነገውን ሥራ ጽፈን ከቢሮ እንተወው፤ በእግራችን እንሂድ፤ በዝግታ እንተንፍስ፤ የከበደንን ለወዳጅ እናዋየው። እንቅልፍ ማጣቱ ከሰነበተ ሐኪም ማማከር አያሳፍርም።