ሆድ ስንል

ስለ ጤና እንድናገር ስጋበዝ ስለ ስኳርና ደም ግፊት የማወራ ሳይመስላችሁ አልቀረም። የማወራው ስለ ሆድ ነው። ምግቡ ግን ከንግግሬ በኋላ ነው።

ልጃችንን ስናቆላምጥ “ሆዴ” እንላለን። ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ እንባው የሚቀርበው ሆደ ቡቡ ነው። ያልተነገረውን ሆድ ይፍጀው፤ የተቃቃሩት ሆድና ጀርባ ናቸው። ሆድ አደርን ለፖለቲከኞቹ ልተወው።

ነርስነት የተማርሁት እዚህ አሜሪካ ነው። ሆድን በሁለት መስመር አራት ቦታ ከፍለን መመርመርን አስተምረውናል። ሆድ የሚብሰን በየትኛው በኩል እንደሆነ ግን አልነገሩንም።

አንዲት እናት እኔ በምሠራበት ክፍል ተኝተው ነበር (ማንነታቸውን የሚያስታውቀውን ሁሉ ትቻለሁ)። ሐኪሙ ምን እንደሚሰማቸው ቢጠይቃቸው “ሆድ ብሶኛል” አሉ። የስልክ አስተርጓሚው የሆድ ሕመሜ ብሶብኛል ብለዋል ብሎ ተረጎመው። ምግብ ተከለከሉ፣ ሲቲ ስካን ታዘዘ። ማታ ተረኛ ሆኜ ገብቼ በአማርኛ ሳናግራቸው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ለካስ በዚያው ሳምንት የእህታቸውን መርዶ ሰምተዋል።

ከዚያ ወዲህ አስተርጓሚዎችን ስታዘብ ኖሬ፣ በኋላ እኔው ተሳሳትሁ። ሌላ እናት “ልጄ፣ ሆዴ ባር ባር አለኝ” አሉኝ። “አይዞዎት እናቴ፣ ናፍቆት ነው” ብዬ እጃቸውን ያዝሁ። እጃቸው በላብ ርሶ እንደቀዘቀዘ ልብ ያልሁት ቆይቼ ነው። ኢሲጂ ሲነሳ ሃርት አታክ ሆኖ ተገኘ።

ሃርት አታክ፣ በተለይ በሴቶች፣ በአረጋውያንና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ፣ ደረትን ሳይወጋ በማቅለሽለሽ፣ በላብ፣ በድካም፣ ከእምብርት በላይ በሚሰማ ጭንቀት ሊመጣ ይችላል። ይህን ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። አማርኛውን ስሰማ ግን ነርስነቴን ረስቼ ልጃቸው ሆንሁ። ተርፈዋል፤ ግማሽ ሰዓት ግን አባክኜባቸዋለሁ።

እባካችሁ፣ ወላጆቻችሁ “ሆዴ” ሲሉ “እማዬ፣ የቱ ጋ ነው? በእጅዎ ያሳዩኝ” በሏቸው። እጃቸውን ባያነሱም ላባቸውንና ትንፋሻቸውን እዩ። ከተጠራጠራችሁ፣ ሐኪም ቤት ከሆናችሁ ነርሷን ጥሩ፤ ቤት ከሆናችሁ 911 ደውሉ። ምንም ካልተገኘ፣ ያን ጊዜ ወንበር ስባችሁ አጠገባቸው ተቀመጡና ምን እንደሰሙ ጠይቋቸው።