ፓምፑ ሲቆም

ዛሬ የተሰበሰብነው ከመካከላችን በአንድ ቤት የፓርኪንሰን መድኃኒት ፓምፕ ቆሞ የደረሰው ነገር ስላስደነገጠን ነው። የቤተሰቡ ጉዳይ የቤተሰቡ ስለሆነ ዝርዝሩን አላነሣም። ከዚያ ወዲህ ግን በየቡናው ላይ የሚወራው «ሰውነት ላይ ማሽን ሰክቶ መኖር ድሮም ደግ አልነበረም» የሚል ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ችግሩ የፓምፑ መሰካት አይመስለኝም፤ ፓምፑ በድንገት መቆሙ፣ ሲቆምም ምን እንደሚደረግ የቤቱ ሰው አስቀድሞ አለመነጋገሩ ነው። ፓምፕ ይደረግ ወይስ አይደረግ የሚለውን ከነርቭ ሐኪማችሁ ጋር ትወስኑታላችሁ። እዚህ የምናወራው ስለ መቆሙ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። «ኢንፊውዥን» ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን አልጋ አጠገብ የሚሰቀል ግሉኮስ ነው። ይህኛው ግን ደም ሥር አይነካም። በወገብ ወይም በትከሻ በሚያዝ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ያለ ፓምፕ፣ በቀጭን ቱቦ መድኃኒቱን እንደ ዓይነቱ ከሆድ ቆዳ ሥር ወይም ወደ ትንሹ አንጀት ጥቂት በጥቂት ይሰጣል። ለምን አስፈለገ? ሌቮዶፓ የሚባለው ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት ደም ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ግማሹ ያልቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንጎል የራሱ ቅሪት ስላለው ክፍተቱን ይሸፍናል። በሽታው ሲገፋ ያ ቅሪት ይሟጠጥና ሰውየው የክኒኑ ተከታይ ይሆናል፦ ክኒኑ ሲይዝ ይራመዳል፣ ሲለቅ ወንበሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጨጓራም ከበሽታው ጋር ሥራው ይዘገያል። በዚያ ላይ ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው የፕሮቲን ፍርፋሪ በሚገባበት በር ነውና፣ ክትፎ ወይም ወፈር ያለ ሽሮ ከተበላ በኋላ የተዋጠ ክኒን ወረፋ ይጠብቃል። ፓምፑ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ለማድረስ የተሠራ ነው፤ ከቆዳ ሥር የሚሰጠው ደግሞ ይህን የአንጀት ወረፋ ያልፋል። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ሦስት ዓይነት አለ። በ2015 የተፈቀደው ዱዎፓ በሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በኩል ወደ ትንሹ አንጀት ለ16 ሰዓት የሚገባ ጄል ነው። በጥቅምት 2024 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተፈቀደው ቫያሌቭ ከቆዳ ሥር 24 ሰዓት ሙሉ ይሠራል፤ አውሮፓ ያላችሁ ዘመዶች ፕሮዱዎዶፓ በሚለው ስም ታውቁታላችሁ። በየካቲት 2025 የተፈቀደው ኦናፕጎ ደግሞ አፖሞርፊን ነው፤ በቀን እስከ 16 ሰዓት ይሰጣል። አፖሞርፊን የሚለውን ስም ሰምቶ «ሞርፊን ሊያስለምዱብን ነው» ያለ ሰው አለ። ስሙ ከሞርፊን ተሠርቶ መገኘቱን ያስታውስ እንጂ፣ ሥራው እንደ ዶፓሚን እንጂ እንደ አደንዛዥ አይደለም።

ጥቅሙ ወሬ አይደለም። በ2022 ላንሴት ኒውሮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 141 ሕሙማንን ለ12 ሳምንት ተከታትሎ ነበር። ዛሬ ቫያሌቭ የሚባለውን በፓምፕ የወሰዱት ያለ አስቸጋሪ መወራጨት የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ በቀን በ2.72 ሰዓት ሲጨምር፣ ክኒን የቀጠሉት የጨመረላቸው 0.97 ሰዓት ነው። ሰው ልብሱን ራሱ ለብሶ፣ ቁርሱን ራሱ በልቶ ለሚውልበት ሰዓት ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ነገር ግን ከዚያው ጥናት ሰዎች የማያነሡት ሌላ ቁጥር አለ። ፓምፕ ከተደረገላቸው 74 ሰዎች 16ቱ በጎንዮሽ ጉዳት የተነሣ አቋርጠዋል፤ በክኒኑ ወገን ያቋረጠው አንድ ብቻ ነው። ባለሙያ በቅርብ እየተከታተላቸው እንኳ ከአምስት አንዱ ያህል ካቆመ፣ በየቤታችን መቆም እንደ እንግዳ ነገር የሚታይ አይደለም። ሳይታሰብ የሚቆምበት መንገድ ደግሞ ብዙ ነው፦ ባትሪ ያልቃል፣ ቱቦ ይታጠፋል፣ መርፌው በእንቅልፍ ልብ ይነቀላል፣ በበረዶ ምክንያት የመድኃኒቱ ሳጥን ሳይደርስ ይቀራል፣ ገላ ለመታጠብ የተፈታው ሳይመለስ ይረሳል። የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ሰውነቱ ይገተራል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅተዋል፣ ሊወድቅ ይችላል። በከፋው መልኩ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ መገተርና መቀባዠር ይመጣል። ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ 911 የሚያስደውል እንጂ እስከ ነገ የሚያሳድር አይደለም። ጉንፋን መስሎ ስለሚጀምር ደግሞ ዝንጅብል ተፈልቶለት ውድ ሰዓት የሚያልፍበት አለ።

«ታዲያ ኦናፕጎ በየሌሊቱ ይነቀል የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ በወረቀት ደርሶኛል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ይነቀላል፤ ዱዎፓም እንዲሁ። ልዩነቱ ያ መቆም ታስቦ የተሠራ መሆኑ ነው፤ ሐኪሙ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሸፍን አስቀድሞ አስልቷል። ያልተሰላው መቆም ነው የሚጎዳው። ለዚህም ነው ፓምፕ ያለበት ቤት የሌቮዶፓ ክኒን መጥፋት የሌለበት። «ከእንግዲህ ከክኒን ተገላገልን» ብሎ የድሮውን ብልቃጥ መጣል ትልቅ ስሕተት ነው። ፓምፑ ከቆመ ስንት ክኒን፣ በየስንት ሰዓት እንደሚዋጥ ሐኪሙ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ የክኒኑም ማብቂያ ቀን ይታይ። ቫያሌቭን በተመለከተ ሁለት ሰዓቶች አስታውሱ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆመ በአዲስ ቱቦ በሌላ ቦታ ይሰካል። ከሦስት ሰዓት ካለፈ ደግሞ ሐኪሙ ያዘጋጀው የመነሻ መጠን ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ሌሊት ላይ ከዩቲዩብ መማር አይቻልም።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ፤ ሳይነገር በሆድ የሚያዘው እሱ ስለሆነ። «መድኃኒት ለጥቂት ቀን ቢያርፍ ሰውነት ይጠራል» የሚል አለ፤ «ጠበል ላይ ሆኖ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው» የሚልም አለ። የመጀመሪያው ለአንዳንድ መድኃኒት ልማድ ሆኖ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ግን አይሠራም። ሌቮዶፓ እንደ አንቲባዮቲክ ገድሎ የሚወጣው ጀርም የለውም፤ የጎደለውን ዶፓሚን ይተካል እንጂ። ማሳረፍ ማለት መከልከል ነው። ሁለተኛውን በተመለከተ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ከዚህ በፊት መልስ ሰጥታበታለች። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲመጣ ይኸው ክርክር በእንጦጦ ማርያም ተነሥቶ ነበር፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም መድኃኒቱና ጠበሉ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ መጠመቅ የፈለገ ይጠመቅ። ፓምፑ ውኃ ስለማይወድ ከመጠመቁ በፊት ይፈታል፤ ሰዓቱ ይያዛል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይመለሳል። ከካህኑ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነውር የለውም። ይልቅስ በጾም ወራት የምሰጋው ሌላ ነገር ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የደም ግፊት ያወርዳሉ፤ በተለይ አፖሞርፊን። ውኃ ሳይጠጣ ውሎ፣ ረጅም ቅዳሴ ቆሞ፣ ከስግደት ቀና ያለ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። መስጊድ የሚሄዱ ወገኖችም ከሱጁድ ሲነሡ እንደዚሁ። መቋሚያ መያዝ፣ ወንበር ላይ መጸለይ፣ ስለ ጾሙ ሐኪምንም የሃይማኖት አባትንም መጠየቅ አለ።

ከጠበሉ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ፓምፑን በድንገት የሚያስነቅል ዋናው ነገር እሱ ይመስለኛል። መድኃኒቱ በአንዳንድ ሰው ላይ የሌለ ነገር ያሳያል። አባባ ኮሪደሩ ላይ ልጆች ቆመዋል ይላሉ፤ እማማ ምንጣፉ ላይ የሚሄድ ነገር ያያሉ። በእኛ ቤት ይህ ሲሰማ መጀመሪያ የሚታሰበው መድኃኒት ሳይሆን መንፈስ ነው። ከዚያ ሁለት ዓይነት ጥፋት ይከተላል። አንዱ ቤተሰብ አፍሮ ይደብቀዋል፣ መጠኑም ሳይስተካከል ነገሩ ይብሳል። ሌላው «ይህ ማሽን ነው ያመጣባቸው» ብሎ በዚያው ሌሊት ይነቅለዋል። ሁለተኛው ቤተሰብ ምክንያቱን በትክክል ለይቶ ሳለ በመፍትሔው ይጎዳል። ትክክለኛው መንገድ በዚያው ቀን ለሐኪሙ መደወል ነው። መጠኑ በደረጃ ይቀነሳል፣ ሌላ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ይመረመራል፣ የሽንት ኢንፌክሽን ይፈተሻል፤ እሱም በሽማግሌ ላይ እንዲህ ያደርጋልና። ከዚህም በላይ የሚያሳፍር ሌላ ጠባይ አለ፦ የማይቆም ቁማር፣ ሎተሪ፣ ግዢ፣ የወሲብ ፍላጎት መብዛት። የዕቁብ ገንዘብ የት እንደገባ ያልታወቀበት ቤት ካለ፣ ሰውየውም አፖሞርፊን ወይም የዚያ ዘመድ የሆነ ክኒን የሚወስድ ከሆነ፣ ሽማግሌ ከመላክ በፊት ሐኪም መጠየቅ ይቀድማል። ይህ የጠባይ ውድቀት ሳይሆን የታወቀ የመድኃኒቱ ውጤት ነው።

«እኛ ምን እናውቃለን፣ ሆስፒታል ከገባ በኋላ የእነሱ ሥራ ነው» የሚል መልስም ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም ይህን ፓምፕ አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም ገና አዲስ ወይም ብርቅ ናቸው። ለማቅለሽለሽ እጁ ላይ ያለውን ያዝዛል። ሜቶክሎፕራማይድ፣ አገር ቤት ፕላሲል የምንለው፣ ዶፓሚንን ስለሚዘጋ ፓርኪንሰን ላለበት ሰው አይሰጥም። ሰው ሲቀባዠር የሚወጋው ሃሎፔሪዶልም እንዲሁ። አሜሪካ ውስጥ ለማቅለሽለሽ ዋነኛው የሆነው ኦንዳንሴትሮን፣ ማለትም ዞፍራን፣ ለሌሎቹ ችግር ባይኖረውም ከአፖሞርፊን ጋር ሲገናኝ ግፊትን በኃይል አውርዶ ራስን ያስታል። እንግዲህ እነዚህን ሦስት ስሞች አልጋው አጠገብ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ የ12 ዓመት ልጅ መሆን የለበትም። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ቢሆን። «አማርኛ አስተርጓሚ» ማለት በቂ ነው። ልጆቻችን ጎበዞች ናቸው፤ ግን «አባቴ የሌለ ነገር ያያል» የሚለውን ልጅ እንዲተረጉም ማድረግ ለልጁም ለአባቱም ጥሩ አይደለም፤ ይለሳለሳል፣ ይዘለላል።

ስለ ቆዳ በአጭሩ ልናገር፣ ጥያቄ ስለበዛበት። መቅላትና መቆጣት የተለመደ ነው፤ አፖሞርፊን ደግሞ ከቆዳ ሥር እብጠት ይተዋል። የቫያሌቭ መሰኪያ ቢበዛ በሦስት ቀን ይለወጣል፤ ከእምብርት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ባለፉት 12 ቀናት ከተሰካበት ቦታ ደግሞ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። እጅ በሳሙና ይታጠባል። የሚፋጅ፣ የሚያብጥ፣ መግል የያዘ ከሆነ ኢንፌክሽን ነው፤ ቅቤና ቅጠል ሳይሆን ሐኪም ይፈልጋል። ቦታው ተበላሸ ማለት ግን መድኃኒቱ ይቁም ማለት አይደለም። ሌላ ቦታ ይሰካል፣ ካልሆነም ወደ ክኒኑ ይመለሳል።

የመጨረሻው ጥያቄ አገር ቤት ስለሚሄድ ሰው ነው። መድኃኒቱ በእጅ ሻንጣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ይያዝ፤ ቱቦና መርፌ ከሚፈለገው በላይ ይያዝ፤ ለጉዞው ሁሉ የሚበቃ ክኒንም ይያዝ፤ አዲስ አበባ ላይ ፓምፑን የሚያውቅ ፋርማሲ አገኛለሁ ተብሎ አይሄድም። እዚህም እዚያም የሚያገለግል አንድ ወረቀት ደግሞ በየማቀዝቀዣው በር ላይ ብትለጥፉ እወዳለሁ። የመድኃኒቱ ስም፣ በሰዓት የሚገባው መጠን፣ ፓምፑ ሲቆም የሚዋጠው ክኒን፣ ለሰውየው የማይሰጡት መድኃኒቶች ስም፣ የሚደወልለት ስልክ ይኑርበት፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ሰዓቱን ስትጽፉ ጠንቀቅ በሉ። ነርሷ «ኤይት» ስትል ጧት 2 ሰዓት ማለቷ ነው፤ እማማ የሚሰሙት ግን ከምሳ በኋላ ያለውን 8 ሰዓት ነው፣ በመካከሉ ስድስት ሰዓት አለ። ስለዚህ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፣ ጧት ወይም ማታ የሚለውም አብሮ ይግባ።