አዲሱ ስልክ ለምን ቶሎ ይሞታል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



የምናገረው ስለ ስልክ ባትሪ ነው። «ባትሪንና እድርን ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ጉዳዩ እንደሚመስለው ተራ አይደለም።

እንደምናስታውሰው ቀደም ባለው ጊዜ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ሌሊት ተነሥቶ በየመንደሩ እየዞረ ያስታውቅ ነበር። ጥሩምባ ባትሪ አያልቅበትም፤ ጥሩምባውን ያልሰማም ከጎረቤቱ ይሰማል። ዛሬ ግን ከመካከላችን ብዙዎቻችን ቤታችን በልማት ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳርቻ፣ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደናል። እድራችንን ግን አልተውንም። ጥሩምባው እዚያ ድረስ ስለማይሰማ የኀዘኑ ወሬ የሚደርሰን በስልክና በቴሌግራም ነው። ስለዚህ የአንድ አባል ስልክ ተዘጋ ማለት ለእርሱ ጥሩምባው አልተነፋም ማለት ነው።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ አዲስ ስልክ ገዛሁ። በካርቶኑ ላይ ባትሪው 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት እንደሚይዝ ተጽፏል፤ ሻጩም «ሁለት ቀን ያቆይዎታል» ብሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሞልቼው የምነሣው ስልክ ማታ 2 ሰዓት ሳይሆን ጭጭ ይላል። በገዛሁት በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት፣ የብዙ ዘመን ጎረቤቴ የነበሩ እናት ዐረፉ። ልጆቼ ሲወለዱ ገንፎ ያገነፉልን ሴት ናቸው። የእድሩ ጸሐፊ ደጋግሞ ደወለ፤ ስልኬ ዝግ ነው። በዚያ ምሽት በሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሳልሞላው ተኝቻለሁ። በማግስቱ ሥራ ቦታ ሰክቼ ስከፍተው ቀብሩ ተፈጽሟል። በደንባችን መሠረት መቀጮዬን ከፈልኩ። መቀጮውስ ምንም አይደለም፤ ለቅሶ ልደርስ ስገባ ልጆቻቸው «ጋሼ፣ በቀብሩ ዕለት አጣንዎ» ሲሉኝ ያፈርኩትን ግን እስካሁን አልረሳሁም።

በንዴት ሻጩ ዘንድ ሄድኩ፤ «ስልኩ ደኅና ነው» አለኝ። ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ፤ ሳይመረምር «ባትሪው ይቀየር» አለኝ። ልከፍል ስል የእኅቴ ልጅ ያዘኝ። «አጎቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ስልኩ ቶሎ የሚያልቀው የት ስትሆን ነው?» አለኝ። «እንዴት የት? ስልክ ስልክ ነው» አልኩት። «እስቲ አንድ ሳምንት መዝግበው» አለኝ። ወረቀትና እርሳስ ይዤ መዘገብኩ። ከዚያ በኋላም እየጠየቅሁና እያነበብኩ የተረዳሁትን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ። ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ ባትሪ በልቶ የሚጨርሰውን ሳታውቁ ለባትሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

በመጀመሪያ ስለ ባትሪው ጥቂት ልበል። በዛሬዎቹ ስልኮች ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን የሚባለው ባትሪ ነው። ለገበያ የቀረበው በ1991 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢነፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። «አዲስ ስልክ መጀመሪያ ሲገዛ 12 ሰዓት ሙሉ ቻርጅ ይደረግ፤ ጨርሶ ሳይሞት እንዳይሰካ» የሚለው ምክር ከዚያ በፊት ለነበረው የኒኬል ባትሪ የተነገረ ነው። ለሊቲየም አይሠራም። እንዲያውም ሊቲየም ጨርሶ መሟጠጥን አይወድም፤ 20 በመቶ ገደማ ሲደርስ መሰካት፣ ለዘወትር ደግሞ 80 በመቶ ላይ ማቆም ዕድሜውን ያረዝመዋል። በሌላ በኩል መብራት ይጠፋል ተብሎ በሚያሠጋበት ምሽት 100 ማድረሱ ኃጢአት የለበትም።

አንደኛ፣ ስልኩ በእውነት አዲስ ከሆነ ጥቂት ቀን ታገሡት። አዲስ ስልክ ቤት እንደቀየረ ሰው ነው። ዕቃ ያወርዳል፣ ይደረድራል። ከአሮጌው ስልክ የመጣውን ፎቶ ያደራጃል፣ አፕሊኬሽኖችን ያድሳል፣ ራሱም አዲስ ሶፍትዌር ያወርዳል። ይህ ሁሉ ባትሪ ይበላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚታየው ብቻ አትፍረዱ። ከአንድ ሳምንት በኋላም ካልተሻለው ግን ምርመራው ይጀመር።

ሁለተኛ፣ የሌሊት ፈተና አድርጉለት። ማታ ስትተኙ ስንት በመቶ እንዳለው ጻፉ፤ ጠዋት ደግሞ ሳትነኩት እዩት። በስምንት ሰዓት ውስጥ እስከ 5 በመቶ ቢቀንስ ደኅና ነው። 15 ወይም 20 ከቀነሰ እናንተ ተኝታችሁ የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው። በሌላ ሌሊት ደግሞ የአውሮፕላን ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጭናችሁ ኔትወርኩን በሙሉ አጥፉትና ድገሙት። አሁን ካልቀነሰ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የኔትወርክ ወይም በኢንተርኔት የሚሠሩ አፕሊኬሽኖች ነው። አሁንም እንደዚያው ከቀነሰ ስልኩን ወይም ባትሪውን መጠርጠር ይቻላል። አደራ! ይህን በምታደርጉበት ሌሊት የሌላ የቤተሰብ አባል ስልክ ክፍት ይሁን። አለዚያ እኔ የደረሰብኝ ይደርስባችኋል።

ሦስተኛ፣ በሊታውን በስሙ ጠይቁት። ሴቲንግ ወይም በአማርኛው «ቅንብሮች» የሚለውን ከፍታችሁ «ባትሪ» ውስጥ ብትገቡ የትኛው አፕሊኬሽን ምን ያህል እንደበላ በዝርዝር ይነግራችኋል። ብዙውን ጊዜ ትልቁ በሊታ የስክሪኑ ብርሃን ነው። ብርሃኑን ቀንሱ፤ ሳትነኩት በ30 ሴኮንድ እንዲጠፋ አድርጉት። ቀጥሎ የሚመጡት ቪዲዮ የሚያሳዩት ናቸው፤ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ። ተከፍቶ የተረሳ ሆትስፖትና ያለማቋረጥ ያላችሁበትን ቦታ የሚከታተል አፕሊኬሽንም እንዲሁ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶችን ላርም። አንዳንዶቻችን አፕሊኬሽኖችን በየደቂቃው በጣት እየጠረግን እንዘጋለን። ስልኩ እንደገና ከባዶ ሲከፍታቸው ይበልጥ ይደክማል እንጂ አይጠቀምም። «ባትሪ እቆጥባለሁ» የሚሉ አፕሊኬሽኖችን መጫንም ሌባ ለመጠበቅ ሌላ ሌባ እንደ መቅጠር ነው። ስልኩ ራሱ «ባትሪ ቆጣቢ» የሚባል አለው፤ እርሱ ይበቃል። ሆኖም ባትሪ ቆጣቢ ሲበራ ወይም አንድ አፕሊኬሽን ከበስተጀርባ እንዳይሠራ ሲከለከል መልእክቱ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ የምትከለክሉት የማይረባውን ይሁን እንጂ የእድሩ መልእክት የሚመጣበትን ቴሌግራም አትከልክሉት። ይልቅስ ቴሌግራም ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳያወርድ ማድረግ ይበቃል።

አራተኛ፣ ኔትወርኩን ተመልከቱ። የእኔ በሽታ የተገኘው እዚህ ላይ ነው። የመዘገብኩትን ሳየው፣ እሑድ ለእድር ጉዳይ ወደ ድሮ ሰፈራችን መጥቼ ስውል ማታ 45 በመቶ ይተርፋል። ኮንዶሚኒየሙ ቤት ስውል ግን ያው ስልክ ከመምሸቱ ይሞታል። ቤቴ ምድር ላይ ያለው ሲሆን የኔትወርኩ ምልክት ከአንድ መስመር አያልፍም። ነገሩ እንዲህ ነው። አጠገባችን ካለ ሰው ጋር በሹክሹክታ እንነጋገራለን፤ ከወንዝ ማዶ ካለው ጋር ግን መጮህ አለብን። ስልክም ማማው ሲርቀው ወይም ግድግዳ ሲጋርደው ኃይሉን ጨምሮ ይጮኻል፤ ኔትወርኩ ሲጠፋበትም ያለ ዕረፍት ይፈልጋል። በኪሳችን ዝም ብሎ የተቀመጠ እየመሰለን ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ይውላል።

በዚህ ላይ የእኔ ስልክ ሁለት ሲም ካርድ ነበረበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለቱንም ይዘናል። ሁለተኛው ሲሜ በቤቴ ውስጥ ምልክት ስለሌለው ዘወትር ፍለጋ ላይ ነው። ደግሞም ስልኩ 5ጂ እንዲያስቀድም ተደርጎ ነው የመጣው፤ በእኔ ሰፈር ደግሞ 5ጂ አይታይም። ስለዚህ ሦስት ነገር አደረግሁ። በሞባይል ኔትወርክ ክፍል ገብቼ 4ጂ እንዲመርጥ አደረግሁት፤ የማይሠራውን ሲም ቤት ስገባ አጠፋዋለሁ፤ ማታም ስልኩን ከመኝታ ቤት አውጥቼ መስኮት አጠገብ አኖረዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ማታ 4 ሰዓት ላይ 40 በመቶ ይተርፈዋል። አንድ ሳንቲም አላወጣሁም። ባትሪው ጥፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ ሰፈር መቀየራችን ነበር። እንደኔ ከሰፈር የወጣችሁ ሁሉ ይህን ልብ በሉ።

አምስተኛ፣ ስለ ቻርጀርና ስለ ሙቀት። ደካማ ቻርጀር ወይም የላላ ገመድ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ሳይሞላ ሊያድር ይችላል። በሌላ ቻርጀር ሞክሩት። ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀትም ባትሪን በቋሚነት ይጎዳል። ስለዚህ ስልክ በመኪና መስታወት ሥር፣ በከሰል ምድጃ አጠገብ፣ ወይም እየሞላ በትራስ ሥር አይቀመጥ።

ስድስተኛ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ ያን ጊዜ ባትሪው ይመርመር። አዲስ ተብሎ የተሸጠው ታድሶ የመጣ አሮጌ ሊሆን ይችላል። ከአይፎን 15 ጀምሮ ያሉት አይፎኖች ባትሪው ስንት ዙር እንደተሞላ ያሳያሉ፤ አዲስ ተብሎ 300 ዙር ካሳየ አዲስ አይደለም። ዋስትና ካለው ጊዜው ሳያልፍ የመዘገባችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ወደ ሻጩ ሂዱ፤ ሌላ ጠጋኝ ከከፈተው ዋስትናው ሊቀር ይችላል። የጀርባ ክዳኑ ያበጠና የተነሣ ስልክ ግን ለነገ አይባልም። አትሰኩት፣ አትጫኑት፣ አትውጉት፤ ወዲያው ባለሙያ ዘንድ ይሂድ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ ኩባንያው በ2016 እ.ኤ.አ. ከገበያ የሰበሰበው ባትሪው እየተቃጠለ ስላስቸገረ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

በመጨረሻ ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ አባወራና እማወራ በመዝገቡ ላይ ሁለት ስልክ ቁጥር ያስመዝግብ፤ አንደኛው የራሱ፣ ሁለተኛው የልጅ ወይም የቅርብ ጎረቤት። ጸሐፊያችን አንዱ ዝግ ሲሆንበት ሌላውን ይደውል። ሁለተኛው፣ በየቤቱ የቴሌግራም መልእክት የሚያነብ ወጣት ካለ የአባቱንና የእናቱን ስልክ አሁን በነገርኳችሁ ቅደም ተከተል ይመርምርላቸው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ወገኖቼ፣ እድር ማለት በጨለማ ሌሊት የሚጠራን ድምፅ ማለት ነው። ድሮ ያንን ድምፅ ሌላ ሰው ይዞልን ይዞር ነበር፤ ዛሬ በየኪሳችን ተሰጥቶናል። እኔ አንድ ጊዜ አስጠፍቼው የማይመለስ ቀን አልፎኛል። እናንተን አይለፋችሁ።

ፈጣሪ የኀዘኑን ጥሪ ያርቅልን፤ ሲመጣም ሰምተን የምንደርስ ያድርገን።