ስለ ጋንጃ የሚወራውና እውነቱ
(በሎጊያ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ሐሺሽም ስለሚባለው ስለ ጋንጃ ነው። ሎጊያ እንደምታውቁት የመንገድ ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ከዚያ የሚመለሰው ከባድ መኪና በዚህ ያልፋል፤ ሾፌሩና ረዳቱ እዚህ ይበላሉ፣ ያድራሉ፣ ይቅማሉ። ታዲያ ከመኪናው የሚወርደው ሰው ብቻ አይደለም፤ ወሬም አብሮ ይወርዳል።

የአፋር ወገኖቻችን ዳጉ የሚባል ትልቅ ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ሰሚው ግን ዝም ብሎ አይቀበልም፤ «ራስህ አይተሃል? ከማን ሰማህ? መቼ?» ብሎ ይጠይቃል። ሐሰት ያስተላለፈ በጎሣው ፊት ይጠየቅበታል። እኛም የጋንጃን ወሬ በዚሁ ወንፊት እንንፋው።

አንደኛ፦ «ቅጠል ነው፣ አይጎዳም» ይባላል። ትምባሆስ ቅጠል አይደለም ወይ? የጋንጃ ጭስ የመተንፈሻ አካልን ይጎዳል፤ ሳልና አክታ ያመጣል። ነፍሰ ጡር ብታጨስ ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል።

ሁለተኛ፦ «ሱስ አያስይዝም» ይባላል። ያስይዛል። በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ከሞከሩት 10 ሰዎች አንዱ ገደማ ይያዛል። በጉርምስና ከጀመሩት ግን ከ6 አንዱ ገደማ ነው።

ሦስተኛ፦ «አንዴ የሳበ ያብዳል፣ ይሞታል» ይባላል። ይህ ደግሞ የእኛ የትልልቆቹ ወሬ ነው፤ እሱም ልክ አይደለም። የሞከረ ሁሉ አያብድም። እውነቱ ይህ ነው፦ በልጅነቱ የጀመረ፣ በየቀኑ የሚያጨስ፣ በቤተሰቡም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከሌላው ይበልጥ ለአእምሮ ሕመም ይጋለጣል። የሰው አእምሮ እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና እየበሰለ ነውና። ለልጅ አጋነን ብንነግረው፣ ጓደኛው ስቦ ደኅና ሲውል ያያል። ከዚያ ወዲያ እውነቱንም ብንነግረው አያምነንም።

አራተኛ፦ «ለጨብሲ ጥሩ ነው፣ ሾፌርን ያረጋጋል» ይባላል። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ጋንጃ ርቀትንና ጊዜን ያሳስታል፤ እግር ፍሬን ላይ የሚደርስበትን ፍጥነት ይቀንሳል። በእኛ ሙቀት፣ ሌሊቱን ሙሉ ቅሞ ያልተኛ ሰው ላይ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ለእናንተ አይነገርም። የድካም መድኃኒቱ እንቅልፍ ብቻ ነው። በዚያ መንገድ ዳር የሚሄዱት ልጆቻችንና ፍየሎቻችን ናቸው።

አምስተኛ፦ «ነጮቹ ፈቅደውታል፣ መድኃኒት ነው» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። በአሜሪካ በ2010 ዓ.ም. ከዚሁ ተክል የወጣ መድኃኒት ለአንዳንድ ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ተፈቅዷል። ነገር ግን ተጣርቶ፣ ተለክቶ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ እንጂ የሚጨስ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽንም ኅዳር 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ካናቢስን በጣም አደገኛ ከተባሉት መዝገብ አወጣው፤ ከቁጥጥር ግን አላወጣውም። ካናዳ በ2011 ዓ.ም. ለአዋቂዎች ብትፈቅድም ለልጅ መሸጥንና አጭሶ መንዳትን ትቀጣለች። በአገራችን ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ይከለክለዋል። ልጆቻችን ከሳንባቸው በተጨማሪ እስር ቤትም እንዳለ ይወቁት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ከመቆጣት በፊት ጠይቁት፤ ምን እንደሰማም አድምጡት። እንቅልፍ ካጣ፣ ብቻውን ካወራ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ አትሰሩት፣ አትምቱት። ጸሎቱና ዱዓው እንዳለ ሆኖ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ውሰዱት። ይህ የሚታከም ሕመም ነው። ጎረቤትም የሰው ልጅ ታመመ ብሎ ስም አያውጣ።

ወጣቶች ደግሞ ወሬ ሲመጣላችሁ የአባቶቻችሁን ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን አየ? ከማን ተሰማ? ወሬውን የሚያወራው ሰው ጋንጃውን የሚሸጠው ራሱ ከሆነ ደግሞ መልሱን አግኝታችኋል።



የማኅበሩ ጸሐፊ